ጨለማ ቤት የገባ ደቦ

አንድ ሰው ነበረ፤ ገበሬ። ሐመልማል፣ አትቸኩይ፣ ጥያቄሽን ይዤዋለሁ። «አያቴ፣ ያንን በቤተ ሙከራ የምመረምረውን፣ ከሽንኩርት ልጣጭ እጅግ የሳሳ ነገር ብርሃን አሳይቼ ለወጥኩት፤ ሰዎቹ ግን ምንም ካልጨመርሽበት፣ ምንም ካልቀነስሽበት ምኑን ሠራሽው ይሉኛል። ምን ልመልስላቸው?» ነው ያልሽው። እንግዲህ ስሚ።

ይህ ገበሬ አዲስ ቤት ይሠራ ነበር። ሚስቱ ወሯ ገብቷል፤ ክረምቱም ደጅ ደርሷል። ውስጡ ዛሬ ካልተመረገ ልጁ ጭቃ ላይ ሊወለድ ነው። ደቦ ደግሞ የአንድ ቀን ነው፤ ነገ ሁሉም ወደየማሳው ነው።

ውጪውን ቀድሞ መርጎ ጨርሷል። መቼም የኛ ሰው ነፋስ ሲፈራ! መስኮት ቀርቶ የአይጥ መግቢያ አልተወም። አንዲቱን በር ጭቃ አቀባዮቹ ሞሏት፤ ውስጡ ድቅድቅ አለ። ሃያ ሰው ቆሟል፤ ግን አንዱ ፊቱን ለግድግዳ፣ አንዱ ጀርባውን ለጓደኛው ሰጥቷል። ጭቃው ከእጅ ወደ እጅ ይለፍ ቢባል መሬት ይወድቃል።

«ኧረ እግሬን! እግሬ ግድግዳ ነው እንዴ የምትመርገው?»

«ተመርገህ ቁም፤ ያምርብሃል!»

ገበሬው «ሰው አነሰኝ፣ ሰው አነሰኝ» ይላል፤ የሚጠራው ጎረቤት ግን አልቀረም። ጨነቀውና ችቦ ለኮሰ። ጢሱ ሰዉን አፈነው፤ ነበልባሉ የሣር ክዳኑን ሊልስ ሲል ተረባርበው አጠፉት። ቤቱ ለጥቂት ተረፈ።

ያን ጊዜ አማቱ ተነሡ። ዘነዘና አነሡና ገና ያልደረቀውን ግድግዳ በማገሩ መካከል ወጉት።

«እሜቴ፣ ምን አደረጉ! ልጅዎን ነፋስ ሊመታት ነው!»

«ጭቃ ክምር ላይ ከምትወልድ ነፋስ ይምታት። ደግሞ ጨርቅ ይወተፍበታል፣ ምን ያስጮህሃል?»

ብርሃኑ እንደ ክር ቀጥኖ ገባ። ማንም ማንንም አላዘዘ። አንዱ ጓደኛውን አየና ግማሽ እርምጃ ፈቀቅ አለ፤ ሌላውም ዞረ፤ ፊት ለፊት ሆኑ። ጭቃው ከበር እስከ ጓዳ እጅ ለእጅ ያልፍ ጀመር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ምርጊቱ አለቀ።

ገበሬው የአማቱን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል፣ «እኔን ተወኝ» አሉት። «ሰው አነሰኝ ስትል እየሰሙ ጥለውህ ያልሄዱትን አመስግን።» ሰውዬው አፈረ። ሃያውንም፣ አንድ በአንድ፣ ከነጭቃው እጃቸውን ሳመ።

አየሽ የኔ ልጅ፣ ያንቺም ነገር ይኸው ነው። በዚያ ስስ ነገርሽ ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች እንደ ደቦው ሰዎች ናቸው፤ ቁጥራቸው ያው ነው። ተዛንፈው ሲቆሙ ኮረንቲ አያሳልፉም። በእሳት ብታስገድጃቸው ይነዳሉ። በልኩ ብርሃን ሲያገኙ ግን ፈቀቅ ፈቀቅ ብለው ይገጥማሉ፤ ያሳልፋሉም። አንቺው ነሽ የነገርሽኝ፤ ፊደል ላልቆጠረች አሮጊት ቁጭ ብለሽ ስላስረዳሽኝ ዕድሜ ይስጥሽ። እንግዲህ ምን ሠራሽ ሲሉሽ አንገትሽን አትድፊ። «የሚበቃው ቀድሞም ነበረ፤ እርስ በርሱ እንዲተያይ አደረግሁት» በያቸው።