የዳለቻ አፍንጫ

አንድ ጊዜ መቅኔ በሚባል ሸለቆ የተወለዱ ቡችሎች መንደር ከመጠበቃቸው በፊት ወደ ተራራው ደረት ወጥተው ይፈተኑ ነበር። እያንዳንዳቸው ከጠላት ሽታ አንዱን ብቻ ለይተው ያውቃሉ። ፈታኟ እማማ ኤሊ ናት። ባሏን አንድ ያልተፈተነ ዘበኛ ገልብጦ ገድሎባታልና በፈተና ቀን አትራራም።

ዳለቻ የሚባለው ቡችላም ከወንድሙ ጋር ወጣ። በፈተናው የወደቀ ተባርሮ መንደር አልባ ይቀራል።

መጀመሪያ አፍንጫቸው መሥራቱ እንዲታይ የመንደሩን ሽማግሌ አህያ ጀርባ አሸተቱ፤ ምንም ያልሸተታቸው ተባረሩ። ቀጥሎ እማማ ኤሊ የመንደሩን እንስሳ ሁሉ በፊታቸው አሳለፈች። የዳለቻ ወንድም በጉን ሊነክስ ሲወረወር እማማ ኤሊ ድንጋይ የመሰለ ጀርባዋን ደቀነችለት። ጥርሱ ተሸረፈ።

«ጎበዝ አይደለሁም፣ እማማ?» አለ ወንድምየው።

«ጎበዝስ ነህ። ለእኛ ግን አትሆንም፤ ሂድ!»

ዳለቻ በማንም ላይ አልጮኸም። ሌሎቹ ቡችሎች «ፈዛዛ!» ብለው ሳቁበት።

«የእሱ ጠላት ገና አልመጣም» አለች እማማ ኤሊ፤ አሳለፈችው።

ክረምት ሲገባ እመት ቀበሮ አያ ጅቦን «የአህያ ቁርበት ለብሰህ ከመንጋው ተቀላቀል። ትርፍራፊው የእኔ ነው» ብላ መከረችው። ለብሶ መጣ። ዘበኞቹ አሽትተው አሳለፉት። ዳለቻ ዘንድ ሲደርስ ግን የቡችላው ፀጉር ቆመ፤ ጮኸ።

«በወገንህ ላይ?» አለ ሽማግሌው አህያ ተቆጥቶ። «ይሄም ይባረር!»

ዳለቻ መጮኹን አልተወም። «እማማ፣ በወገን ላይ ጮኼ አውቃለሁ?»

«አታውቅም» አለች ጩኸቱን ሰምታ የመጣችው እማማ ኤሊ። «ልጆች፣ እንግዳውን ክበቡት!»

አያ ጅቦ ዝም ብሎ ቢቆም ኖሮ ያመልጥ ነበር። ነገር ግን ቁርበቱ አፍንጫው ሥር ሸተተውና ምራቁ መጣ። ጫፉን ላሰው። ጣመው። ቆረጠመው። ትከሻው ብቅ አለ፤ ቀጥሎም ዝንጉርጉር ጎኑ።

«ኧረ አያ ጅቦ፣ ልብስህን በላኸው!» አለች ቀበሮ ከቁጥቋጦ ውስጥ።

«ትንሽ ብቻ ነው የቀመስኩት!»

ዳለቻ ተወርውሮ ጭራውን ያዘ። ጩኸቱን የሰሙ ዘበኞች ሁሉ ግር ብለው ወረዱበት፤ አያ ጅቦ ግማሽ ቁርበቱን እየጎተተ ወንዙን ተሻግሮ ጠፋ። ቀበሮም በባዶ ሆዷ ተከተለችው። መንደሩ በእልልታ ተናወጠ። ሽማግሌው አህያ ጆሮውን ጥሎ መጣና «ማረኝ፣ ልጄ» አለ።

«ሽታውን እንዳትረሳው» አለች እማማ ኤሊ።

«እስክሞት፣ እማማ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ከበሽታ የሚጠብቁን ቲ ሴሎች ደረታችን ውስጥ ባለችው ታይመስ ዕጢ ተፈትነው እንደሚወጡ ሁሉ፣ ጠባቂም ጠላቱን ማወቁ ብቻ ሳይሆን ወገኑን አለመንከሱም ቀድሞ መፈተን እንዳለበት ነው።