ስንዱ እና መንገድ አላሳይም ያለው ስልክ

ተረቴ መጣች በሁለት ጎማ፣ ጆሮ ያለው ይስማ። መሀል ላይ እንዳታቋርጡኝ፤ ከተቋረጥኩ ከመጀመሪያው ነው የምጀምረው፣ የሚሰለቸውም እናንተን ነው።

ሐይቅ ዳር፣ ሳይክል በሚበዛባት ከተማ፣ ስንዱ የምትባል ሴት ነበረች። ከባሏ ከጥጋቡ ጋር ከገጠር ከመጡ ገና አምስት ወራቸው ነበር። ጥጋቡ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የአበባ እርሻ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። አገሩን አያውቅም፣ ስልኩን ያምናል። ስልኩ በአስፋልቱ ሂድ አለው፣ በአስፋልቱ ሄደ። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ የአሸዋ መኪና ገጨው፤ ሞተ። ሳይክሉ ተጠግኖ ለልጁ ለትርንጎ ተረፈ። ትርንጎም እዚያው እርሻ ሥራ አገኘች፤ ወሩ ሲብት ትጀምራለች።

ከሸንበቆው ጀርባ፣ በመስኖው ዳር፣ መኪና የማይደርስበት የጓሮ መንገድ አለ። ግን አሥራ አንድ ቦታ ይገነጠላል፤ እንግዳ ሰው ይጠፋበታል። ስንዱ የፈለገችው አንድ ትንሽ ነገር ነው፦ ያ መንገድ ስልኩ ላይ እንዲወጣና ልጇ በእሱ እንድትሄድ።

«ስልኬ፣ የጓሮውን መንገድ አሳያት» አለችው።

«ያልተሳለልኝን ከየት አምጥቼ? አላሳይም። በአስፋልቱ ትሂድ» አለ ስልኩ። በአስፋልቱ! ባሏን የበላውን መንገድ ለልጇ። ስልክ ይሉኝታ የለው፣ ምን ይደረጋል።

ስንዱ ካርታ ሠሪው ጋ ሄደች። ባንተአምላክ ይባላል፤ የጂኦግራፊ መምህር ነው፣ በትርፍ ጊዜው የከተማውን መንገዶች ኢንተርኔት ላይ ባለው ካርታ ይስላል። «ስልኩ አላሳይም አለ፤ አንተ ሳልለት» አለችው።

«እትዬ፣ እኔ በወሬ አልስልም» አለ። «አንድ ሰው ስልክ ይዞ በሳይክል ይንዳበትና የሄደበትን መስመር ያምጣልኝ።»

ሳይክለኛዋ ብርዛፍ ጋ ሄደች። ብርዛፍ ውድድር የምትወጣ ጎበዝ ናት። «ስልኩ አላሳይም አለ፣ ካርታ ሠሪው አልስልም አለ፤ ብርዛፍ፣ ንጂልኝ» አለቻት።

«ብነዳልዎት ደስ ባለኝ እትዬ። ግን መንገዱ የሚያቋርጣት ወንዝ ላይ ያለው የእንጨት ድልድይ በክረምቱ ተሰብሯል። እሱ ካላሻገረኝ አልነዳም» አለች።

ድልድዩ ጋ ሄደች። ከእንጨት ጋር ይወራል ወይ እንዳትሉኝ፤ ሐዘን የገባበት ሰው ከግድግዳም ጋር ያወራል። «ስልኩ አላሳይም አለ፣ ካርታ ሠሪው አልስልም አለ፣ ሳይክለኛዋ አልነዳም አለች፤ ድልድዬ፣ አሻግራት» አለች።

«ሦስት ግንድ ጎድሎብኛል። አናጢ ካልቸነከረኝ አላሻግርም» አለ ድልድዩ።

አናጢው ጋ፣ ጋሽ ሽባባው ጋ ሄደች። «ስልኩ አላሳይም አለ፣ ካርታ ሠሪው አልስልም አለ፣ ሳይክለኛዋ አልነዳም አለች፣ ድልድዩ አላሻግርም አለ፤ ጋሽ ሽባባው፣ እባክዎ ይቸንክሩልኝ።»

«እህቴ፣ መዶሻው አለ፣ ምስማሩ አለ። እንጨት ከሌለ ግን አልቸነክርም። ለድልድይ የሚሆን ወፍራም ባሕር ዛፍ ያላቸው አባ ይርሳው ብቻ ናቸው» አሉና አንገታቸውን ደፉ።

አባ ይርሳው የዚያ የአሸዋ መኪና ሾፌር አባት ናቸው። ደም ከፈሰሰ በኋላ እርቅ እስኪወርድ ሁለቱ ቤቶች አይገናኙም፤ ወጉ ነው። የገዳይ ወገን የሟችን ደጅ አይረግጥም፣ ሽማግሌ ይልካል እንጂ። አባ ይርሳው ሦስት ጊዜ ላኩ፤ ስንዱ ሦስት ጊዜ ሽማግሌዎቹን ከደጅ መለሰቻቸው። ማን ይፈርድባታል?

ያም ሆኖ ሄደች። ግቢያቸው ሳትገባ አጥሩ ሥር ቆመች፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ። «ስልኩ አላሳይም አለ፣ ካርታ ሠሪው አልስልም አለ፣ ሳይክለኛዋ አልነዳም አለች፣ ድልድዩ አላሻግርም አለ፣ አናጢው አልቸነክርም አሉ። ዛፍ ይስጡኝ» አለች።

«ልጄ» አሉ አባ ይርሳው ከአጥሩ ወዲያ፣ «ሁሉንም ዛፍ ብትቆርጪው አይቆጨኝም። ግን በደም ላይ ስጦታ አይሰጥም፣ ነውር ነው። ለጥጋቡ ለቅሶ አልደረስኩም። ደጅሽን ክፈችልኝና መጀመሪያ ላልቅስለት። አለዚያ አልሰጥም።»

ስንዱ ቤቷ ተመለሰች። አላሳይም ያለ ስልክ፣ አልስልም ያለ ካርታ ሠሪ፣ አልነዳም ያለች ሳይክለኛ፣ አላሻግርም ያለ ድልድይ፣ አልቸነክርም ያሉ አናጢ፣ አልሰጥም ያሉ ባለዛፍ፤ ሁሉም ዞሮ ዞሮ እሷ ደጅ ላይ ቆመ። አልከፍትም ያለችው እሷ ናት። ሦስት ቀን እህል ሳትቀምስ ተቀመጠች። በአራተኛው ቀን ትርንጎ ግቢው ውስጥ የአባቷን ሳይክል ጎማ ስትነፋ አየቻትና ሽማግሌዎቹን አስጠርታ «ይምጡ በሏቸው» አለች።

አባ ይርሳው እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክመው መጡ። ደጁ ላይ ተንበረከኩ። ስንዱ ልታያቸው አልፈለገችም፤ ግን የሽማግሌው አንገት ከድንጋዩ ሥር ሲንቀጠቀጥ አንጀቷ አልቻለም። «ያውርዱት፣ አባ» አለች፣ በገዛ እጇም አወረደችላቸው። ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ፤ እሷ ለባሏ፣ እሳቸው ለባሏም እስር ቤት ላለው ልጃቸውም።

ስንዱ ደጇን ከፈተች፣ አባ ይርሳው ዛፉን ሰጡ፣ አናጢው ቸነከሩ፣ ድልድዩ አሻገረ፣ ሳይክለኛዋ ነዳች፣ ካርታ ሠሪው ሳለ፣ ስልኩም አሳየ። ይኸው፣ ስታስቡት ቀላል ነበር።

ወሩ ሲብት ትርንጎ ሳይክሉን ይዛ ደጅ ወጣች። ስልኩ ሁለቱንም መንገድ አወጣላት፣ እሷም ለእናቷ አነበበችላት። «በጓሮው ሠላሳ ስድስት ደቂቃ፣ በአስፋልቱ ሃያ ዘጠኝ።»

«ልዩነቱ ስንት ነው?»

«ሰባት ደቂቃ ነው፣ እማ» አለችና በጓሮው መንገድ ሄደች።

ስንዱ ልጇ ሸንበቆው ውስጥ እስክትገባ ድረስ አየቻት። ከዚያ የደጇ ደፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ሰባት ደቂቃ» አለች ለብቻዋ። «ሰባት ደቂቃ ቢቆይብኝ እኮ እጠብቀው ነበር።»