ከሞላ ጋን አጠገብ ተየሙም

ስሟን መጥራት በማያስፈልግ፣ ከተራራ ሥር በተቀመጠች አንዲት አሮጌ ከተማ፣ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ለከተማዋ ውሃ የሚያመጣላት አንድ ያረጀ ቧንቧ ብቻ ነው። ሐጂ ቡሽራ ግን ቧንቧው እንደልብ በሚፈስበትም ጊዜ ፋኖስ ከነጋዙ፣ በሶ፣ ጨውና ስኳር፣ አምስት ትልልቅ ጋን ሙሉ ውሃም ከቤታቸው አያጡም። ሐሙስ በመጣ ቁጥር የሰነበተውን ውሃ ለአትክልቱ ያፈሱና ጋኖቹን አጥበው እንደገና ይሞላሉ።

ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ጀውሀር ምላሱ ከመርፌው የሰላ ነበር። በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ «ሐጂ፣ የኑሕ መርከብዎስ መቼ ያልቃል?» ይላቸዋል። መስጂድ ደጃፍ ላይም «የሐጂ ተወኩል፣ በአላህ መመካታቸው፣ ጋን ውስጥ ገብቶ ቀረ» እያለ ጀመዓውን ያስቃል። ሽማግሌው አብረው ይስቁና ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

አንድ ክረምት ተራራው ተንዶ ቧንቧውን ቆረጠው። ሐጂ ቡሽራ ጀውሀርን «ና» ብለው ሦስት ጊዜ ላኩበት፤ እሱ ግን «ሊገስጹኝ ነው» ብሎ በኩራት ቀረ። በአምስተኛው ቀን የሦስት ዓመት ልጁን ነዒማን ተቅማጥ ያዛት። ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ፣ ዓይኗ ጎደጎደ፤ ስታለቅስ እንባ አልወጣትም። ቤት ያለው ውሃ አንድ ስኒ አይሞላም። ጀውሀር «በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» እያለ ሲያመነታ ቆይቶ፣ ከሰዓት በኋላ በአስር ሰላት ላይ እየተጎተተ ሐጂ ግቢ ገባ።

ያየው ነገር እግሩን አሰረው። አራቱ ጋኖች ተደፍተዋል፤ አንዱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሐጂ ቡሽራ ከሞላው ጋን አጠገብ ቁጢጥ ብለው፣ መዳፋቸውን አፈሩ ላይ መታ እያደረጉ ፊታቸውን ያብሳሉ። ውሃ ያጣ ሰው የሚያደርገውን ተየሙም ያደርጋሉ!

«አበቃልኝ» አለ ጀውሀር በልቡ። «ለገዛ ሰላታቸው የሰሰቱትን ውሃ ለእኔ ልጅ ሊሰጡ? ቢከለክሉኝም አልፈርድባቸውም።» ሊመለስ ዞረ።

«ጀውሀር! ምነው ሳትገባ?»

«ነዒማ ልትሞትብኝ ነው፣ ሐጂ። ስቀልድብዎት ኖሬ… አፉ ይበሉኝ።»

«እሱን ተወው፤ ና ወዲህ» ብለው የጋኑን አንገት አሳዩት። በከሰል ስም ተጽፎበታል። የራሱ ስም ነው።

«የእኛው ትናንት አለቀ» አሉ ሐጂ። «ሦስቱ ጎረቤቶችም ድርሻቸውን ወስደዋል። ይሄ ያንተ ነው፤ ብልክብህ ቀረህ እንጂ።»

«ታዲያ ለሰላት መታጠቢያ፣ ለውዱእ እንኳ ለምን አልነኩትም?»

«የሰው ውሃ ነዋ! ስሞላው በልቤ ኒያ ላንተ ብያለሁ። አላህ የሰማውን እኔ ልሻረው?»

ጀውሀር ሮጦ ነዒማን አቅፎ አመጣት። የሐጂ ባለቤት ሩቂያ ውሃውን አፍልተው፣ ሲበርድ ጨውና ስኳር በጥብጠው፣ ልጅቱን በማንኪያ ያጠጧት ጀመር። ፀሐይ ልትጠልቅ፣ መግሪብ ሲቃረብ ነዒማ እንባዋን እያፈሰሰች አለቀሰች። አባት በልጁ እንባ እንዲህ ደስ ሲለው ያን ቀን ታየ።

ከዚያ ጀውሀር አንድ ጣሳ ሞልቶ ለሐጂ አቀረበ። ከንፈራቸው መድረቁን ያስተዋለው ገና አሁን ነው።

«አንተ ከሰጠኸኝማ!» አሉ። መጀመሪያ ለሩቂያ አቀበሉ፤ ቀጥለው ቢስሚላህ ብለው ጠጡ።

ቧንቧው ተጠግኖ ውሃው ሲመለስ ሰዎች ነገሩን ሰምተው ጠየቋቸው። ሐጂ ያሉት ይህን ብቻ ነው፦ «ለክፉ ቀን ሲያስቀምጥ ጎረቤቱን የረሳ፣ ያስቀመጠው ክፉውን ቀን ነው።»

እኛ መብራት ሲጠፋ ሻማ ፍለጋ የምንሯሯጥ ሰዎች ስንፍናችንን ተወኩል እንለዋለን። የሚያስቀምጠውም ቢሆን በሩን ቆልፎ ነው የሚያስቀምጠው። ሐጂ ቡሽራ ከሁለቱም አልነበሩም። መዘጋጀታቸው ብልህነት ነው፣ ብልህ ሰው ደግሞ ሞልቷል። እኔን የሚገርመኝ፣ ለሚያሾፍባቸው ሰው ሐሙስ ሐሙስ ጋን ሲያጥቡ መኖራቸው ነው። ይህን ሳስብ በራሴ አፍራለሁ። ቤቴ በረንዳ ላይ ስድስት ጀሪካን ደርድሬአለሁ፤ ከግድግዳው ወዲያ የሚኖሩት ልጆች ስንት እንደሆኑ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።