አድኃሪ ያለኝ ቃሉን ካላነሳ አልፈጭም

ተረቴ መጣ! «ይግባ፣ ቦታ አለው» በሉኝ። ገባ።

ዘርፌ የምትባል ሴት ነበረች። ልጇ ስንዱ ሁለት ቀብራ፣ በሦስተኛው በሰላም ተገላገለችና ሴት ልጅ ታቀፈች። ታዲያ አራሷ ከአልጋዋ ቀና ብላ፣ «እማዬ፣ ገንፎ አማረኝ» አለች። ያማራት ይኸው ብቻ ነበር። ደክማለች፤ ጡቷም ገና ወተት አልያዘም፤ ሕፃኗ ትስብና ባዶ ሲሆንባት ታለቅሳለች። ቤት ውስጥ የተቆላ ገብስ ሞልቷል፤ ዱቄት ግን የለም። ጎረቤትም ዘንድ የለም፤ የመንደሩ ወፍጮ ከቆመ ሰንብቷል። ማዶ ወዳለው ወፍጮ እንዳይኬድ ደግሞ ወንዙ ሞልቷል።

ዘርፌ ገብሷን ተሸክማ ወፍጮ ቤት ደረሰች። ባለወፍጮው ጉግሳ እጁን አጣጥፎ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

«አያ ጉግሳ፣ ይቺን ገብስ ፍጭልኝ። ልጄ ወልዳ ገንፎ አማራት።»

«እንኳን ማርያም ማረቻት! ግን አልፈጭም» አለ ጉግሳ። «የወፍጮው ማዞሪያ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጥሷል። የሚጠግነው ጎሚስታው ቢሻው ነው። ቢሻው ደግሞ በክርክሩ ቀን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አድኃሪ ብሎኛል። ወደ ኋላ የሚሄድ ማለት እኮ ነው! የእኔ ወፍጮ ወደ ኋላ ዞሮ ያውቃል? ቃሉን ካላነሳ ቺንጋዬን አላስነካውም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ምርጫ ደርሶ የማለዳ ፓርቲና የአምባ ፓርቲ ደጋፊዎች፣ ገበያው ወደ አዲሱ መንገድ ይሂድ አይሂድ እያሉ ተከራክረው ነበር። ክርክሩ ሲጀመር ስለ ገበያ ነበር፤ ሲያልቅ ገበያን ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

ዘርፌ ገብሷን አንስታ ወደ ጎሚስታው ሄደች። «ቢሻው ወንድሜ፣ ጉግሳን አድኃሪ ያልከውን አንሳ። አንተ ካላነሳህ ቺንጋው አይጠገን፤ ቺንጋው ካልተጠገነ ወፍጮው አይዞር፤ ወፍጮው ካልዞረ ገብሱ አይፈጭ፤ ገብሱ ካልተፈጨ አራሷ ገንፎ አትበላ!»

«አላነሳም!» አለ ቢሻው ጎማውን እየለጠፈ። «መጀመሪያ ልብስ ሰፊው ተማም ተላላኪ ያለኝን ያንሳ። እኔን ማን ይልከኛል? ሚስቴ ጨው ግዛ ብትለኝ እንኳ አልሄድም!»

«እሱንስ እሷም ነግራናለች» አለች ዘርፌ፤ ገብሷን አንስታም ወደ ልብስ ሰፊው ሄደች።

«ተማም ወንድሜ፣ ቢሻውን ተላላኪ ያልከውን አንሳ። አንተ ካላነሳህ ቢሻው አድኃሪን አያነሳ፤ እሱ ካላነሳ ቺንጋው አይጠገን፤ ቺንጋው ካልተጠገነ ወፍጮው አይዞር፤ ወፍጮው ካልዞረ ገብሱ አይፈጭ፤ ገብሱ ካልተፈጨ አራሷ ገንፎ አትበላ!»

ተማም የስፌት መኪናውን አቆመ። «አላነሳም፣ እትዬ ዘርፌ። ባለሱቋ አፀደ ጠባብ ብላኛለች። እስቲ ፍረጂ! እኔ ሰፊ ነኝ። አባቴ ሰፊ፣ አያቴም ሰፊ። ሰፊ ሰው ጠባብ ይባላል? ቃሏን ካላነሳች አላነሳም።»

ዘርፌ ሳቋ መጣ፤ የሕፃኗ ልቅሶ ትዝ ሲላት ግን ዋጠችው። ትከሻዋ ዝሏል። ወደ ሱቁ ገባች።

«አፀደ እኅቴ፣ ተማምን ጠባብ ያልሽውን አንሺ። አንቺ ካላነሳሽ ተማም ተላላኪን አያነሳ፤ እሱ ካላነሳ ቢሻው አድኃሪን አያነሳ፤ እሱ ካላነሳ ቺንጋው አይጠገን፤ ቺንጋው ካልተጠገነ ወፍጮው አይዞር፤ ወፍጮው ካልዞረ ገብሱ አይፈጭ፤ ገብሱ ካልተፈጨ አራሷ ገንፎ አትበላ!»

«አላነሳም!» አለች አፀደ። «ኪራይ ሰብሳቢ ተብያለሁ። አዎ፣ እሰበስባለሁ! ከጓሮ ሁለት ክፍል አከራያለሁ፤ ምን ነውር አለው? እሱ ግን ሌባ ሊለኝ ፈልጎ ነው። መጀመሪያ እሱ ያንሳ።»

«እሱ ማን ነው?»

«ባለወፍጮው ጉግሳ ነዋ!»

ለካስ ዘርፌ ከጉግሳ ተነስታ ዞራ ዞራ እዚያው ጉግሳ ላይ ወድቃለች። ገመዱ ጫፍ የለውም! ባዶ እጇን ቤት ብትገባ ስንዱን ምን ትላታለች? ይህን ስታስብ ቁጣ መጣባት። ገብሷን አንስታ እየተንደረደረች ወፍጮ ቤት ተመለሰችና ሸክሟን ጉግሳ እግር ሥር ዘፍ አደረገችው።

«አፀደን ኪራይ ሰብሳቢ ብለሃታል?»

«ብያታለሁ።»

«ምን ማለት ነው?»

ጉግሳ ጺሙን አከከ። «ያው… ሬዲዮ ላይ ሲሉ የምንሰማው ነዋ።»

«ተወው። ምን በደለችህ?»

ጉግሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ገበያው ይሂድ አለች» አላት። «ገበያው ከሄደ በደጄ ማን ያልፋል? ልጆቼን በምን አሳድጋለሁ? ሰግቼ ነው፣ እትዬ።»

«ታዲያ ይህንን ነገርካት?»

«አልነገርኳትም። ስድቡ ቀደመኝ።»

«እንግዲያው ተነስና ንገራት!»

«እኔ ቀድሜ? ተሸነፈ ሊሉኝ?»

«ልጄ ሁለት ቀብራ አንድ አገኘች፣ ጉግሳ። ያቺም በረሃብ እያለቀሰችብን ነው። ማን እንዳሸነፈ ኋላ ትቆጥራላችሁ።»

ጉግሳ ብድግ አለ። ገብሱን ከደጅ አንስቶ አስገባና ሱቁ ድረስ ሄደ። «አፀደ፣ ኪራይ ሰብሳቢ ያልኩሽን አንስቻለሁ። ለእንጀራዬ ሰግቼ ነው። ገበያው ግን መሄድ የለበትም!»

አፀደ ከሱቋ ብቅ አለች። «እኔም እኮ ክረምት በመጣ ቁጥር ሴቶች ከነሸክማቸው በገበያው ጭቃ ውስጥ ሲወድቁ አይቼ ነው። ገበያውማ መሄድ አለበት!»

«የለበትም!»

«አለበት!»

ተያይተው ሳቁ። ከዚያማ ማን ይቻለው! ጉግሳ ኪራይ ሰብሳቢን አነሳ፤ አፀደ ጠባብን አነሳች፤ ተማም ተላላኪን አነሳ፤ ቢሻው አድኃሪን አነሳ፤ ቺንጋው ተጠገነ፤ ወፍጮው ዞረ፤ ገብሱ ተፈጨ፤ ገንፎው ተገነፋ፤ መሐሉም በቅቤ ተሞላ!

ስንዱ በላች፤ ላብ በላብ ሆነች፤ ደግማም በላች። ጡቷ ወተት ያዘ፤ ሕፃኗም እስክትጠግብ ጠባች። ዘርፌ እልልታዋን አቀለጠችው፤ መንደሩም ከየደጁ መለሰላት።

አራቱ ተከራካሪዎች እንኳን ደስ አለሽ ሊሉ መጥተው ደጅ ቆመዋል። አንዷ ስለ ጭቃው፣ አንዱ ስለ መንገዱ፣ አንዱ ገበያ ስለሚመጣ ጭነት መኪና፣ አንዱ ስለ ልጆቹ ይሟገታል። ዘርፌ ብቅ አለች።

«ተከራከሩ፣ ማንም አልከለከላችሁም» አለቻቸው። «ድምፃችሁን ብቻ ዝቅ አድርጉልኝ፤ ልጅቷ ጠግባ ተኝታለች።»

ተረቴ ሞላ፤ የሰማኝ ይብላ።