ቢሻው ያሠራው የጥይት መደርደሪያ

አንድ ቢሻው የሚባል ገበሬ ነበር። ከጎረቤቱ ከላቀው ጋር በድንበር ተጣልቶ ሽማግሌዎች አስታረቋቸው፤ የድንበሩ ድንጋይም ተተከለ። ላቀው ነገሩን እዚያው ትቶ ወደ እርሻው ተመለሰ። ቢሻው ግን ልቡ አላረፈም። ወይፈን በሸጠ ቁጥር ጥይት ይገዛል። ሣጥኖቹን መጀመሪያ አልጋ ሥር አደረጋቸው፤ እርጥበቱ ሲያዝጋቸው በባሕር ዛፍ ቆጥ ላይ ሰቀላቸው። አንድ ቀን ቆጡ ተሰብሮ የወደቀው ሣጥን የሚስቱን የእንጉዳይን እግር ለጥቂት ሳተ።

ያን ጊዜ አናጢ አስጠራና ከባድ ነገር የሚችል መደርደሪያ እንዲሠራለት ጠየቀው። አናጢው ምን ሊያስቀምጥበት እንደሆነ ሲጠይቀው አልደበቀም፤ እንዲያውም ለላቀው መሆኑን ጨምሮ ነገረው፤ ወሬው እንዲደርስለት ፈልጎ ነበር። አናጢውም ጥሩ አድርጎ ሠራው። ቋሚዎቹን ከወፍራም ዋንዛ አወጣ፤ እግሮቹን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አሳረፈ፤ መጋጠሚያውን ሁሉ በብሎን አጠበቀ፤ ጀርባውን ከግድግዳው ምሰሶ ጋር አያያዘ። ቢሻው ከባዶቹን ሣጥኖች ከታች፣ በቆርቆሮ ያለውን ከመካከል፣ ዝናሮቹን ከላይ ደረደረ። በዓይነት በዓይነት ስለለያቸው ዓይኑን ጨፍኖ እንኳ የፈለገውን ማንሣት ይችል ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥርም መጋረጃውን ገልጦ ያሳያል።

ቀስ በቀስ ሰው መምጣቱን ተወ። ወንፊት ሊዋሱ ይመጡ የነበሩት ሴቶች ወደ ሌላ ቤት ሄዱ፤ ልጆቻቸውንም በዚያ ደጅ እንዳያልፉ ከለከሉ።

«ሰው ከደጃችን ቀረ እኮ» አለችው እንጉዳይ።

«ይቅር። የሚፈሩትን ሰው አይነኩትም» አላት።

በበጋ፣ ነፋስ በበረታበት ቀትር ላይ፣ ከማድ ቤት የተነሣ እሳት የትልቁን ቤት ክዳን ያዘ። እንጉዳይ እሪ አለች። መንደሩ በእንስራም በጀሪካንም ውሃ ይዞ ሮጠ፤ ከፊት ከሚሮጡት አንዱ ላቀው ነበር። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ግን ሁሉም ቆሙ። ቤቱ ውስጥ ምን እንዳለ የማያውቅ አልነበረም። ቢሻው ብቻውን ገብቶ መራመድ የማይችሉትን አሮጊት እናቱን አዝሎ ወጣ። እጁና አንገቱ ተቃጠለ። ለእህሉ ሊመለስ ሲል ጥይቱ መፈንዳት ጀመረ። ሰው ሁሉ መሬት ላይ ተደፋ፤ ውሃውም በየዕቃው እንዳለ ቀረ። የዓመቱ እህል፣ አልጋው፣ ልብሱ፣ ሁሉም ዐመድ ሆነ።

ጭሱ ሲበርድ ላቀው የቢሻውን እናት ወደ ራሱ ቤት አስወሰዳቸው። ለቢሻውም ለቁስሉ የሚሆን ማር ይዞለት መጣና ይቀባው ጀመር። ቢሻው ቀና ብሎ አላየውም።

«ውሃ ይዘህ አይቼሃለሁ። ለምን ወደ ቤቱ አልገባህም?» ሲል ጠየቀው።

ላቀው ማሩን መቀባቱን ሳያቋርጥ መለሰለት፦ «ያ ሁሉ ጥይት ለማን እንደተደረደረ ያስወራኸው አንተ ነህ። ውሃውን ለቤትህ አመጣሁ፤ ውስጥ የሚጠብቀኝ ግን የራሴ ሞት ነበር። እኔም ልጆች አሉኝ ቢሻው።»

ቢሻው እጁን ዘረጋለት፤ ላቀውም ቀብቶ ጨረሰ።

ዝናቡ ሳይገባ መንደሩ ቤቱን መልሶ ሊሠራለት በደቦ ወጣ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ ሽማግሌ ዳግመኛ ጥይት ያከማች እንደሆነ ጠየቁት። ቢሻው በእናቱ ፊት እንደማያከማች ማለ። ሰዎቹም ነጠላቸውን አስቀምጠው የምሰሶ ጉድጓድ መቆፈር ጀመሩ።

ወዳጆቼ፣ መደርደሪያው ጥሩ ነበር። እሳት እስኪበላው ድረስ አልጎበጠም፣ አልተሰበረም። ቢሻውን የጎዳው ሌላ ነው፦ ሰው እንዳይደርስበት ብሎ ያከማቸው ነገር ሰው እንዳይደርስለት አደረገ። ጥይት የሌለን ሰዎችም የምንደረድረው አናጣም፤ የከረመ ቂም አለን፣ ለክፉ ቀን ብለን ያስቀመጥነው የሰው ገመና አለን፣ ያንንም ለመጣው ሁሉ ገልጠን እናሳያለን። ነገ የእኛን ቤት እሳት ቢይዘው፣ ጎረቤት ገብቶ ያወጣናል ወይስ ውሃውን ይዞ አጥሩ ጋ ይቆማል?