ባሻ ጉሬዛና የጃርት ነፍጥ

ልጆች ወደ ፊት ቅረቡ፣ ትልልቆችም ከኋላ ስሙ። ድሮ ድሮ፣ አውሬው ሁሉ ነፍጥ በሚያነግትበት ዘመን፣ ስሙ በተረሳ አንድ አገር ጃርት ብረት ሠሪ ነበር።

የዚያ አገር ነፍጥ ባለ ድንጋይ ነው። ቃታው ሲሳብ ድንጋዩ ብረት ይመታል፤ ፍንጣሪው ባሩዱ ላይ ያርፋል፤ ጓ! ይላል። ክረምት ሲገባ ግን ባሩዱ ይረጥባል፤ ነፍጥም ከዱላ አይሻልም። ጅቦች ይህን ስለሚያውቁ ዝናብ በጣለ ቁጥር ወንዙን ተሻግረው የሚዳቋና የድኩላ ግልገል እየነጠቁ ይሄዳሉ።

ይህ ጃርትን ቆጨው። አንዱን ነፍጥ ፈታ። ድንጋዩን ነቅሎ ጣለ፤ በጎኑ ውስጥ እስካለው ባሩድ የሚዘልቅ ቀጭን ቀዳዳ ሰረሰረ፤ ቀዳዳው አፍ ላይ ሲመቱት እሳት የሚተፋ ትንሽ የመዳብ ቆብ ደፋበት። በዝናብ ሞከረው። ጓ!

“እንግዲህ ዘንድሮስ ባሻ ትባላለህ፣ አንተ እሾሃም!” እያለ ለራሱ እየፎከረ እጁን ሊታጠብ ወደ ወንዝ ወረደ።

ጉሬዛ ዛፍ ላይ ሆኖ ያይ ነበር። ነጭ ካባውን አራግፎ ወረደና ነፍጡን ይዞ ወደ ንጉሡ ወደ አንበሳ ሮጠ።

“ጃንሆይ! ሐሳቡ የኔ፣ ሥራው የኔ፣ ድካሙ የኔ!”

አንበሳም በዝናብ ተኩሶ አየና ደስ አለው። ጉሬዛን የነፍጥ ሁሉ አለቃ አድርጎ “ባሻ” ብሎ ሾመው።

ጃርት እየጮኸ ደረሰ። “ጃንሆይ፣ ሥራው የኔ ነው!”

“ምስክር አለህ?”

“እጄን ይዩልኝ!”

“እጅህማ ንጹሕ ነው” አለ ጉሬዛ፣ ከነፍጡ ጥላሸት የጠቆረ መዳፉን እያሳየ። “ሠሪ እንዲህ ነው እንጂ!”

ችሎቱ በሳቅ አውካካ። ጃርት ተገፍትሮ ወጣ። በየመንገዱም “አያ ጃርት፣ የባሻን ሥራ ልትነጥቅ ነበር አሉ!” ይሉታል። እሾሁን አቁሞ ያልፋል። ሌላ ምን ያድርግ? ካባ አይቶ የማይፈርድ ዳኛ ከየት ይምጣ?

ንጉሡ “የቀረውንም ነፍጥ እንደዚሁ አድርግ” ብሎ ጉሬዛን አዘዘው። ጉሬዛ ከዛፍ ላይ ያየው ቆቡ ሲደፋ ነው፤ ቀዳዳውን አላየም። ከጃርት ቤት፣ ጃርት ቀጥቅጦ ያኖረውን ቆብ በቁና ዘረፈ፤ ድንጋዩን ሁሉ ነቀለ፤ ቆቡን ደረደረ። ነፍጡ ሁሉ አብለጨለጨ። “ሐሳቡ የኔ፣ ሥራው የኔ፣ ድካሙ የኔ!”

ክረምት ገባ። ጅቦች ወንዙን መሻገር ጀመሩ፤ አንበሳም ሠራዊቱን አሰለፈ።

“ተኩስ!”

ጭቅ።

“ተኩስ!”

ጭቅ፣ ጭቅ። ቆቡ ይጮኻል፣ ነፍጡ ዝም። ጅቦቹ ውኃው መሐል ቆመው በሳቅ ፈነዱ። “ጎበዝ፣ ዘንድሮም ቅርጫ ሊያበሉን ነው!”

አንበሳ አገሳ። “ይህ የማን ሥራ ነው?”

ጉሬዛ እግሩ ሥር ወደቀ። “የጃርት ነው ጃንሆይ! ሐሳቡ የሱ፣ ሥራው የሱ፣ ድካሙም የሱ! እኔ ከቤቱ አነሣሁ እንጂ ምኑንም አላውቅ!”

ጃርት ከሰልፉ ጀርባ ብቅ አለ። “ምስክር ብለውኝ ነበር፣ ጃንሆይ። ይኸው ሠራዊቱ ሁሉ ሰማ፤ ጅቦቹም ሳይቀሩ።”

ከዚያም የራሱን ነፍጥ ከንጉሡ እጅ ተቀብሎ አነጣጠረ። ጓ! የመሪው ጅብ ጆሮ ተበሳ። የቀሩት እግሬ አውጪኝ አሉ። ጃርትም “እሳቱ ወደ ባሩዱ የሚገባበት ቀዳዳ እኮ በሌሎቹ ላይ የለም” ብሎ በነፍጡ ጎን ያለውን አሳየ።

አንበሳ ይቅርታ አላለም፤ ንጉሥ እንዲህ ያለ ቃል አይለምድም። “ባሻ ጃርት፣ ቀዳዳውን ቶሎ ብሳልኝ” ብቻ አለ። ጃርት ክረምቱን በሙሉ ሲሰረስር ከረመ። ወናፉን የሚነፋለት ጉሬዛ ነበር፣ ካባው በከሰል ጠቁሮ። በዚያ ዓመት ግልገል ያጣች እናት አልነበረችም።

ለዚህ ነው “ሥራ የሰረቀ ቆቡን ይወስዳል፣ ቀዳዳውን ይረሳል” የሚባለው።