የተሰነጠቀው ቢላ

በፍራፍሬ አትክልቷ ስሟ በሚነሳ አንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ ከጁምዓ መስጊዱ ጀርባ ባለው የብረታ ብረት ገበያ፣ ሐጂ ሚስባህ የሚባሉ የማሽን መለዋወጫ ነጋዴ ነበሩ። አላህ ይዘንላቸው። ሌላ ቦታ ፈልጎ ያጣውን ብሎን ወይም ኩሽኔታ የሚሻ ሰው መጨረሻ ላይ ወደ እሳቸው ነበር የሚመጣው። ኋላ ግን አዳዲስ ሱቆች ተከፈቱና ገበያው ወደዚያ ሄደ። ሐጂ ከዙህር እስከ ዐስር ሶላት አንድ ደንበኛ ሳያዩ የሚውሉበት ቀን በዛ።

በዚያ ሰሞን ኸይሩ የሚባል ሰው ወደ ሱቃቸው መጣ። ኸይሩ የሚተዳደረው በአንድ አሮጌ የቅርንጫፍ መፍጫ ማሽን ነው፤ ከየጓሮው የሚቆረጠውን ቅርንጫፍ እየፈጨ ለማዳበሪያ ይሸጣል። የማሽኑ ሁለት ቢላዎች በመሳል ብዛት አልቀው እንጨቱን መቁረጥ ትተው ማኘክ ጀምረዋል። አስመጪዎች ለአዲስ ቢላ የጠሩት ዋጋ ደግሞ ማሽኑን ራሱን ሊገዛ ምንም አልቀረውም።

"ሐጂ፣ የቀሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት" አለ፤ ያለቀውን ቢላ ባንኮኒው ላይ አኑሮ።

ሐጂ ከመደርደሪያው ጥግ በግራሶ የተለወሱ ሁለት ቢላዎች አወጡ። ልካቸው ገጠመ። ዋጋውም ኸይሩ የሚችለው ሆነ። ሐጂ ግን ወዲያው አልሰጡትም። በናፍጣ አጠቧቸውና አንዱን በሲባጎ አንጠልጥለው በመፍቻ መታ አደረጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ሁለተኛውን መቱት፤ ድምፁ የታፈነ ነበር። ደግመው መቱት፤ ያው ነው።

"ይሄኛው ውስጡ ተሰንጥቋል። አይሆንህም" አሉ።

ኸይሩ ቢላውን አገላብጦ አየው። ለዓይን የሚታይ ነገር የለውም።

"ዓይቡን፣ ጉድለቱን ነግረውኛል፤ እኔም ሰምቼ ወድጃለሁ። ቀንሰው ይስጡኝ፤ ሽያጩ ሐላል ነው።"

"ቅርንጫፉን ለማሽኑ የሚያጎርሰው ማን ነው?"

"የእህቴ ባል፣ ነስረዲን።"

"እሱስ ወዷል?"

ኸይሩ ተቆጣ። "የሁለት ቤት ልጅ የሚበላው ከዚህ ማሽን ነው። ለሀብታም ሊያቆዩት ከሆነ በግልጽ ይንገሩኝ!" ብሎ ወጣ።

የጎረቤቱ ሱቅ ነጋዴ አብዱልዋሲዕ ይህን ሁሉ ሰምቶ ነበር። ገብቶ፣ "ለእኔ ይሽጡልኝ። ዓይቡን አውቄ ነው የምገዛው። ከዚያ ወዲያ ሒሳቡ የእኔና የአላህ ነው" አለ። የሰጠው ዋጋ የደህና ቢላ ዋጋ ነበር።

ሐጂ ገንዘቡ ያስፈልጋቸው ነበር፤ የቤታቸው ጣሪያ በአንድ ወገን ያፈስ ነበርና። ሆኖም የተሰነጠቀውን ቢላ የብረት መቀጥቀጫው ጠርዝ ላይ አጋድመው፣ ቢስሚላህ ብለው በመዶሻ መቱት። በመጀመሪያው ምት ለሁለት ተሰበረ። የስብራቱ ግማሽ ያብረቀርቃል፤ ግማሹ በቆየ ዝገት ጠቁሯል። አብዱልዋሲዕ አየውና ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ሐጂ ሱቃቸውን ዘግተው ደህናውን ቢላና ስባሪውን ይዘው ኸይሩ ቤት ሄዱ። ኸይሩ ሲያያቸው ፊቱን አጠቆረ። ስባሪውን ሲቀበል ግን የጠቆረውን ቦታ በጣቱ ዳሰሰና ነስረዲንን ቀና ብሎ አየው። ነስረዲን ምንም ሳያውቅ ግቢው ውስጥ ቅርንጫፍ ይከምር ነበር።

"አፉ ይበሉኝ ሐጂ" አለ ኸይሩ።

"ተነስ፣ ቀጥቃጭ ጋ እንሂድ" አሉት።

ቀጥቃጩ ከመኪና ባሌስትራ የደህናውን ቢላ አምሳያ ሠራ። ሐጂ ሁለቱን ቢላ በሚዛን እያስተያዩ፣ ክብደታቸው ካልተካከለ ማሽኑን ያናውጡታል እያሉ ደጋግመው አስሞረዱት።

"ሐጂ፣ ይሄ እኮ ወርቅ አይደለም!" አለ ቀጥቃጩ ተሰላችቶ።

"ትንሽ ብቻ ቀረህ" አሉት።

ቢላዎቹ ተገጠሙ፤ ማሽኑም ሳይንቀጠቀጥ ሠራ። ሐጂ የተቀበሉት የደህናውን ቢላ ዋጋ ብቻ ነው። ጣሪያቸው ያን ክረምት ሲያፈስ ከረመ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን፣ ከዐስር ሶላት ሲወጡ አብዱልዋሲዕ ጠየቃቸው፦ "ዓይቡን ተናግሮ መሸጥን ሸሪዓው ይፈቅዳል። ለምን እምቢ አሉ?"

"ለኸይሩ ነገርኩት፤ ለነስረዲን ግን አልነገርኩትም" አሉና ጫማቸውን አድርገው ሄዱ።

ሐጂ ሚስባህ ሕጉን አልተከራከሩም፤ ሻጭ ዓይብን የመግለጥ ግዴታ እንዳለበት፣ ገዢም አውቆ መውደድ እንደሚችል ያውቁ ነበር። ነገር ግን ሁለት ሰዎች ተስማምተው ሲጨባበጡ ጣቱን የሚያጣው ሦስተኛው ሊሆን ይችላል። እሱ ገበያው ላይ አልነበረም፤ የጠየቀውም የለም። አማናችን፣ የተጣለብን አደራ፣ ገንዘቡን ስንቀበል ያለቀ ይመስለናል። ከእጃችን የወጣው ዕቃ ግን ተሻግሮ የሚያርፈው ስሙን በማናውቀው ሰው እጅ ላይ ነው። ሐጂ ስሙን ጠየቁ።